አራተኛው ተሸካሚ

ዲያቆን ኢዮስያስ ወደ ዝግባ ሜዳ ለመሄድ ሲወስን እውነተኛ ምክንያቱን ለማንም አልተናገረም። ጎንደር ከተማ ተወልዶ ያደገ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነው። አባቱ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራሉ፤ እናቱ ወይዘሮ አማረች ሆስፒታል ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ሃያ ዘጠኝ ዓመት በነርስነት ሠርተዋል። ስብከቱ በስልክ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር፣ ፒያሳ ብቅ ሲል የባጃጅ ሾፌሮች በስሙ የሚጠሩት ሰው ነበር። የሚያገለግልበት ማኅበር ሰባኪ ወደሌላቸው የገጠር አጥቢያዎች ለአንድ ዓመት የሚሄዱ አገልጋዮችን ሲመዘግብ፣ ከሁሉ የራቀውን መርጦ ስሙን አጻፈ። ጓደኞቹ አደነቁት።

ነገሩ ግን ሌላ ነው። እናቱ በኩላሊት በሽታ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ከዚያ ወዲህ መድረክ ላይ ሲወጣ ቃሉ እንደ ልማዱ ይፈስለታል፤ ክፍሉ ገብቶ ለጸሎት ሲቆም ግን ከግድግዳ ጋር የሚያወራ ይመስለዋል። አላለቀሰም፣ አልተቆጣም፤ ዝም ብሎ ደርቋል። ሩቅ ብሄድ፣ ብራብና ብደክም ምናልባት የጠፋብኝ ነገር ይመለስልኛል ብሎ ነው የወጣው።

ዝግባ ሜዳ ከድብ ባሕር የመኪና መንገድ በእግር ሦስት ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። ጥቁር ውኃ የሚሉት ወንዝ መንደሩን ለሁለት ይከፍለዋል። በወዲህ በኩል የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን፣ አብዛኛው ነዋሪና ወደ መኪናው የሚያወጣው መንገድ አለ። በወዲያ በኩል ያለው ስድስት ቤት ብቻ ነው፤ ማዶ ይሉታል።

ከሁለት ዓመት በፊት ሙሉቀን የሚባል የማዶ ሰው በግጦሽ ወሰን ተጣልቶ የወዲሁን ዓለምነውን በጥይት ገደለው። ገዳዩ በዚያው ቀን ወደ ቆላ ወረደ፤ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። ማዶ የቀረው ወንድሙ አዳሙ ነው፤ በአገሩ ልማድ ደግሞ ደሙ ወንድምየውን ይፈልጋል። የሟቹ ታናሽ ወንድም ሰውአገኝ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ወንዙ መሻገሪያ ላይ ካለች ሾላ ሥር ይውላል። አዳሙ ሁለት ዓመት ሙሉ ውኃውን አልተሻገረም። ገበያ አልወጣም፣ ቤተ ክርስቲያን አልሳመም። ሴት የሚነካ ስለሌለ፣ ለቤቱ የሚያስፈልገውን ሁሉ ወንዝ ተሻግራ የምታመጣው ሚስቱ ዝናሽ ነበረች።

የአጥቢያው አስተዳዳሪ ቄስ ክንዱ ይህንን ሁሉ ኢዮስያስ በመጣ በሦስተኛው ቀን አጫወቱት። ነገሩን ለጊዜው እንዳይነካውም ለመኑት፤ ቁስሉ ገና እንዳልጠገገ ነገሩት። እሱ ግን ስለ ይቅርታ የሚሰብከው፣ ከተማ ውስጥ ሰውን ሁሉ ያስለቀሰ ትምህርት ነበረው። በሁለተኛው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቆመና ያንኑ ሰበከ። ሳል ይዞ ስርቆት፣ ቂም ይዞ ጸሎት ብሎ ጀመረ። ሟቹ በሰማይ ዕረፍት ላይ እንዳለ፣ ስለ ሟቹ ተብሎ ሕያዋን መሞት እንደሌለባቸው፣ ሟቹ ራሱ ቢጠየቅ ይቅር በሉ እንደሚል ተናገረ። ሲናገር ዓይኑ ከሴቶቹ መካከል ቆመው በነበሩት በእማማ ሽታዬ ላይ ነበር። የዓለምነው እናት ናቸው። ትምህርቱ ሳያልቅ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ዘመዶቻቸው ተከተሏቸው። ከዚያም ጎረቤቱ፣ ከዚያም የጎረቤት ጎረቤት።

በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን የመጣው አሥራ አንድ ሰው ነው። ለሰባኪው በየተራ ምግብ ያመጡ የነበሩት ቤቶች አንድ በአንድ መምጣት ተዉ። የከፋ ቃል የተናገረው የለም፤ መንገድ ላይ ሲያገኙት ጎንበስ ብለው ሰላምታ ሰጥተው ያልፋሉ። ያ ዝምታ ከስድብ ይልቅ አደከመው። ቄስ ክንዱ የራሳቸውን ቆሎና ሽሮ እያካፈሉት ፍልሰታ ገባ። የተሰጠችው ጎጆ በሦስት ቦታ ታፈስሳለች፤ ቁንጫው አላስተኛው አለ፤ በነሐሴ መጀመሪያ ደግሞ በረዶ ወርዶ የገብሱን ማሳ ከመሬት ጋር አጣበቀው። አንዳንዱ ሰው በረዶውን ከሰባኪው መምጣት ጋር ማያያዙን ሰማ።

ስልክ የሚሠራው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ባለው ጉብታ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ላይ ሆኖ እህቱን ቤዚን አገኛት። መንገዱ በታጠቁ ሰዎች ምክንያት አንድ ሳምንት ተከፍቶ አንድ ሳምንት የሚዘጋበት ጊዜ ስለነበር ቤተሰቡ ተጨንቋል። ተመለስ፣ ማንም አይፈርድብህም አለችው። እሱም እሺ አላት። ነሐሴ ስምንት ቀን በማለዳ ልብሱንና መጻሕፍቱን ቦርሳው ውስጥ እየከተተ ሳለ በሩ ተንኳኳ።

የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነጃት ነበረች። የደባርቅ ልጅ ናት፤ ዝግባ ሜዳ ከተመደበች ሁለት ዓመቷ። ቀሚሷ እስከ ወገቧ ርሷል፤ ወንዙን ተሻግራ መምጣቷ ነው።

«ዝናሽ ከትናንት ቀትር ጀምሮ ምጥ ላይ ናት» አለችው። «ልጁ አግድም ነው የተኛው። እዚህ ሆኜ የማደርግላት ነገር የለም። ዛሬ ሆስፒታል ካልደረሰች ሁለቱም ይሞታሉ።»

ጉብታው ላይ ወጥታ ደውላ ነበር። አምቡላንሱ በመንገዱ ምክንያት ከደባርቅ መውረድ አይችልም፤ ድብ ባሕር ከደረሱ ግን የጭነት መኪና አይጠፋም ብለዋታል። የሚያስፈልጋት ተሸካሚ ነው። የወዲሁን ሰዎች ጠይቃ ሁሉም መሬት መሬት አዩባት፤ እማማ ሽታዬን ማስቀየም የፈለገ አልተገኘም። ኢዮስያስ እኔንስ ማን ይሰማኛል ብሎ ሊመልስላት አፉን ከፍቶ ነበር። ፊቷን ሲያይ ተወው። ቦርሳውን አልጋው ላይ ጥሎ ተከተላት።

ሾላው ሥር ሰውአገኝ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። ሁለቱ ሲያልፉ ቀና ብሎ አያቸው። ውኃው እስከ ጭን ይደርስ ነበር፤ ቀዝቃዛና ኃይለኛ፣ ከሥር ያለው ድንጋይ የሚያዳልጥ።

አዳሙ ቤት ሲደርሱ ቃሬዛው በር ላይ ተሰናድቷል፤ ሁለት ረጅም የባሕር ዛፍ እንጨት፣ በመካከሉ የተወጠረ ጠፍር። ጎረቤቱ አያ ውዱ ከጎልማሳ ልጃቸው ጋር ቆመዋል። ከዝናሽ አጠገብ ያሉት ሴቶች ማርያም፣ ማርያም ይላሉ። እሷ ግን መጮኹን ከተወች ቆይታለች። ከንፈሯ ነጥቷል፤ ኢዮስያስን አይታ ልትነሣ ሞከረች፣ ሴቶቹ መልሰው አስተኟት።

አዳሙ ቀጭን፣ ጢሙ ያደገ ሰው ነው። የመጣው ይምጣ፣ ሚስቴን ተሸክሜ ውኃውን እሻገራለሁ አለ። አያ ውዱ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸውና ልጃቸው ለመሸከም ዝግጁ እንደሆኑ፣ ነገር ግን ተኩስ ወንዙ መካከል ከተጀመረ ቃሬዛው እንደሚወድቅና ሴቲቱም ውኃ እንደሚወስዳት ተናገሩ። ያለ እማማ ሽታዬ ቃል እግራቸውን ውኃው ውስጥ አይከቱም።  ሁሉም ዞረው ኢዮስያስን አዩት። ከወዲያም ከወዲህም ወገን ያልሆነው ወንድ እሱ ብቻ ነበር።

እንደገና ተሻገረ። አሁን እየሮጠ ነው። ዝናቡ ጀምሯል። እየሮጠ የሚናገረውን በልቡ ያሰናዳ ነበር፤ ጥቅስ ከጥቅስ እያያያዘ፣ የትኛው ቃል የሴቲቱን ልብ እንደሚያለሰልስ እያሰበ።

እማማ ሽታዬን በሚያፈስሰው ጣሪያ ሥር እንስራ ሲያስጠጉ አገኛቸው። ቀና ብለው አዩት፤ ግባም ውጣም አላሉትም።

«መምህር፣ ምነው? ደግሞ ሊሰብኩኝ መጡ?»

የዝናሽን ሁኔታ፣ ነጃት ያለችውን፣ ከማታ በፊት ሆስፒታል መድረስ እንዳለባት ነገራቸው።  እሳቸው ግን፣ የገዳዩ ወገን ቢሞት ለእኔ ምን ይጎድልብኛል አሉት። ኢዮስያስ ያሰናዳውን ሊጀምር ምላሱን አንቀሳቀሰ። አንድም ቃል አልመጣለትም።

«እማማ፣ የምለው የለኝም» አለ።

«ያን ለት ብዙ ነበረህ እኮ።» አንቱ ማለቱን ትተውት ነበር። «ሦስት ጊዜ ሟቹ አልህ። ቆጥሬሃለሁ። ልጄ ስም አለው። ስሙን አልነገሩህም ነበር?»

«ነግረውኛል። ዓለምነው።»

«ታዲያ ምነው አልጠራኸው?»

ውጭ ዝናቡ በረታ። ኢዮስያስ ማዶ ያለችውን ሴት፣ የሚያልፈውን ደቂቃ እያሰበ፣ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።  ያለው መልስ እውነቱ ብቻ ነው።

«ስሙን ብጠራ እንደሚያለቅሱ አውቄ ነበር» አለ። «ስብከቱ እንዳይበላሽብኝ ፈራሁ።»

እማማ ሽታዬ እንስራውን ለቀቁት። ኢዮስያስ አንዴ ከጀመረ ማቆም አልቻለም። እሱም እናቱን እንደቀበረ፣ ለቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ እናትህ በሰማይ ናት ሲለው ጥርሱን ነክሶ እንደነበር፣ እዚህ መጥቶ ግን ያንኑ ቃል ለእሳቸው እንደተናገረ ነገራቸው። ይቅርታ እንኳ አልጠየቀም፤ መጠየቁ ራሱ ሌላ ስብከት መሰለው።

 እማማ ሽታዬ የእናቱ ስም ማን እንደሆነ፣ ሥራቸውም ምን እንደነበር ጠየቁት። አማረች እንደሚባሉ፣ ሴቶች ሲያዋልዱ እንደኖሩ ነገራቸው። እማማ ሽታዬ መደቡ ላይ ተቀመጡና ወደ ምድር አዩ።

«ዓለምነው የበኩር ልጄ ነው» አሉ። «ሁለት ቀን አምጬ፣ በቃ ሞተች ብለው ሲያለቅሱብኝ ነው የተወለደ። ያዋለደችኝ የአዳሙ እናት ናት። ሌሊቱን በዚህ ውኃ ተሻግራ መጥታ።»

  ኢዮስያስ እንሂድ፣ ይፍጠኑ ማለት ፈልጎ ምላሱን ነከሰ።  በመጨረሻ ጋቢያቸውን ከመቃኑ ላይ አወረዱ፣ በትራቸውንም አነሡ።

«ይቅር አላልሁም» አሉት ደጁ ላይ ቆመው። «አለች ብለህ ደግሞ እንዳትሰብክ።»

ወንዙ ዳር ሲደርሱ ሰውአገኝ እናቱን አይቶ ተነሣ። ኢዮስያስ ወደ ማዶ በእጁ ምልክት ሰጠና ተሻገረ። ዝናሽን ቃሬዛው ላይ አስተኝተው በሸማ አስረዋታል። አዳሙ ከፊት በቀኝ፣ አያ ውዱ ከፊት በግራ፣ ልጃቸውና ኢዮስያስ ከኋላ ሆነው ወደ ትከሻቸው አወጧት። ነጃት የዝናሽን እጅ ይዛ ከጎን ገባች።

ውኃው ከጠዋቱ ከፍ ብሏል። ወንዙ መካከል ሲደርሱ የጠመንጃው መቀባበል ድምፅ ተሰማ።

ሁሉም ቆሙ። ሰውአገኝ ከዳር ቆሞ አነጣጥሯል። ሴቲቱ ትለፍ፣ ጎረቤቶቹም ይለፉ፣ አዳሙ ግን አንድ እርምጃ አይጨምርም አለ። ድምፁ አልጮኸም። አዳሙ ከቃሬዛው ሥር ሆኖ፣ እስከ ዳር ላድርሳትና እዚያው ግደለኝ ብሎ መለሰለት። ውኃው ከጎን እየገፋ ነው። ኢዮስያስ ከእግሩ ሥር ድንጋዩ ሲከዳው ተሰማው፤ ቃሬዛው ዘነበለ፤ ነጃት በሁለት እጇ ደገፈችው። ዝናሽ ከተነሡ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አወጣች፤ የባሏን ስም ነበር የጠራችው።

እማማ ሽታዬ በትራቸውን ተክለው ውኃው ውስጥ ገቡ። እስከ ጉልበታቸው ሲደርስ ቆሙና ፊታቸውን ወደ ልጃቸው አዞሩ። አፈሙዙ አሁን የሚያየው እሳቸውን ነው።

«አያልፍም ካልህ አያልፍ» አሉት። «ግን ቃሬዛ አራት ትከሻ ይፈልጋል። የሱን ቦታ አንተ ያዝ።»

ሰውአገኝ አልተንቀሳቀሰም። ዝናቡ ከጠመንጃው ላይ ይንጠባጠባል። ኢዮስያስ እንዲያ የቆሙበትን ጊዜ መገመት አልቻለም፤ በኋላ ነጃት ብትጠይቀው አንድ ሰዓት የሆነ መሰለኝ አላት። ትከሻው ሲቃጠል፣ እግሩ ሲደነዝዝ፣ የእናትና የልጅ ዓይን ሳይላቀቅ። ከዚያ ሰውአገኝ አፈሙዙን ዝቅ አደረገ፣ ጠመንጃውን ለእናቱ ሰጠ፣ ወደ ውኃው ወረደ።

አዳሙ አጠገብ ሲደርስ ሁለቱም አልተያዩም። ሰውአገኝ ትከሻውን ከእንጨቱ ሥር አስገባ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ሁለቱ ጠላቶች አንድ እንጨት ተሸክመው ጎን ለጎን ቆሙ።

«ቀኝ እግርህን ጠበቅ አድርግ» አለው አዳሙ ቀስ ብሎ። «ከፊትህ ያለው ድንጋይ ያዳልጣል።»

ለቀቀና ወደ ኋላ ተመለሰ። ማዶ ዳር ላይ ቆሞ፣ ሚስቱን የወንድሙ ደመኛ ተሸክሟት ሲሄድ ያይ ነበር።

ከወንዙ እስከ ተራራው ጀርባ ድረስ ያለው አቀበት የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ጭቃው ጉልበት ይበላል። ግማሽ ሳይደርሱ የኢዮስያስ ጉልበት አለቀ። ሊወድቅ ሲል አንድ ሰው ከጎኑ መጥቶ እንጨቱን ተቀበለው። ቀና ሲል፣ ጠዋት ለነጃት መሬት መሬት ያየባት ገበሬ ነው። ከኋላው ሌሎች ሦስት ይመጣሉ። ሰውአገኝ ከተሸከመ እኛ ምን ብለን እንቀመጣለን ተባብለው ከየቤታቸው ወጥተው ነበር። እየተፈራረቁ አቀበቱን ጨረሱ። ሰውአገኝ ብቻ ለማንም አልለቀቀም።

ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ዝናሽ ጭራሽ ዝም አለች። ነጃት አስቁማ አንገቷን ዳሰሰች፤ ደም ሥሯ እየደከመ ነው። ፍጠኑ አለች። ሮጡ ማለት ይቻላል። ኢዮስያስ ተራው ደርሶ ከኋላ ተሸክሟል። በየእርምጃው ከአፉ የሚወጣ ነገር ነበር፤ እግዚኦ፣ እግዚኦ፣ እግዚኦ። ለሰው ብሎ ያላሰናዳው፣ ማን እንደሚሰማው ያላሰበበት ቃል። ከሌሎቹ ትንፋሽ ጋር ተቀላቅሎ እስከ ድብ ባሕር ድረስ አብሮት ወረደ። እየጸለየ እንደነበር ያወቀው የመኪናው መንገድ ላይ ቆሞ ላቡን ሲጠርግ ነው።

እህል የጫነ አይሱዙ ወደ ደባርቅ ሊነሣ ሲል ደረሱበት። ሾፌሩ አንዴ ዝናሽን አየና ጆንያዎቹን አስተካክሎ ቦታ አዘጋጀላት። ነጃትና ኢዮስያስ አብረዋት ወጡ። ሰውአገኝ አልወጣም። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ ማንንም ሳይሰናበት፣ የመጣበትን መንገድ ይዞ ተመለሰ።

ሊማሊሞ ላይ ከጠመዝማዛዎቹ በአንዱ የታጠቁ ሰዎች መኪናውን አስቆሙት። ማን እንደሆኑ የጠየቀ የለም። አንደኛው ከኋላ ወጥቶ ሸራውን ገለጠ። የዝናሽን ፊት አየ፣ ደም የነካውን የነጃትን እጅ አየ። ኢዮስያስ የዝናሽን ራስ ደግፎ የሰውየውን ዓይን ጠበቀ። ሰውየው ሸራውን መለሰና የመኪናውን ጎን ሁለት ጊዜ መታ። መኪናው ተንቀሳቀሰ።

ሆስፒታል እንደገቡ ወዲያው ወደ ቀዶ ሕክምና ወሰዷት። ኢዮስያስ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አገኘ። የመድኃኒቱ ሽታ፣ የነርሶቹ ፈጣን እርምጃ፣ በር ሲከፈት የሚሰማው የብረት ድምፅ፤ በልጅነቱ እናቱን ሲጠብቅ ያደገበት ነገር ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጠ። ነጃት መጣች። ጭንብሏን አወረደችና አጠገቡ ቁጭ አለች።

«ሴት ናት» አለች። «ስትወጣ ዝም ብላ ነበር፤ ኋላ ግን ጮኸች። እናቷም ተርፋለች። አልሐምዱሊላህ።»

 ለኢዮስያስ እናቱ ካረፉ ጀምሮ ያልመጣለት እንባ በዚያ ኮሪደር ላይ መጣ። አልከለከለውም። ነጃት ምን እንደሆነ አልጠየቀችውም፤ እስኪጨርስ አብራው ተቀመጠች። አሁንም እናቱ የሉም፤ ያ አልተለወጠም። ግን ለሁለት ዓመት ግድግዳ መስሎት የነበረው ነገር በር እንደነበረው፣ ከወዲያም የሚሰማው እንዳለ አወቀ። ለሰው ሊያስረዳው አልሞከረም።

በአሥረኛው ቀን ዝናሽንና ሕፃኗን ይዘው ሲመለሱ ቄስ ክንዱ የሆነውን ነገሩት። የዚያን ቀን ሰውአገኝ ተመልሶ ወንዙ ጋ ሲደርስ አዳሙ ከቆመበት አልተነቃነቀም ነበር። ሰውአገኝ ጥቂት ቆሞ፣ ወደ ማዶ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ በሕይወት አለች፣ መኪና ላይ ወጥታለች አለው። ሰውአገኝ በሁለት ዓመት ውስጥ ለአዳሙ ያለ ዛቻ የተናገረው እሱን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ሾላው ሥር አንዳንድ ቀን ይቀመጣል፣ አንዳንድ ቀን አይቀመጥም።

ኢዮስያስ አልሄደም። ለቤዚም እንደማይመጣ ደውሎ ነገራት። ማንም ሳይጠራው በበረዶ የተመታውን ማሳ የሚገለብጡትን ሲያግዝ፣ ለቅሶ ቤት ሲቀመጥ ከረመ። ሰው ሲያናግረው ማዳመጥ ተማረ። ምግቡ በየተራ መምጣት ጀመረ።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል የሕፃኗ ሰማንያ ቀን ቀረበ። ዝናሽ ልጇን አዝላ እማማ ሽታዬ ቤት ሄደች፤ ክርስትና እንዲያነሡላት ለመነቻቸው። አበልጅ ማለት ሥጋ ነው፤ አበልጅ ከሆኑ ወዲያ ደም አይፈላለጉም። እማማ ሽታዬ ይህን ያውቃሉ። ሁለት ጊዜ እንቢ ብለው መለሷት። በሦስተኛው ሕፃኗን ተቀብለው ብዙ አዩዋት።

«አባቷ ሳይኖር ልጅ አላነሣም» አሉ። «መጥቶ ይቁም።»

በሰማንያኛው ቀን ማለዳ መንደሩ ሁሉ ወንዙ ዳር ወጣ። ዝናቡ አልፎ ውኃው ቀንሷል። አዳሙ ባዶ እጁን፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ከማዶ ወረደ። ዝናሽ ከፊት ናት፣ ሕፃኗን ታቅፋለች። ሾላው ሥር ሰውአገኝ ተቀምጧል፤ ጠመንጃው ከጎኑ ነው።  ኢዮስያስ ከቄስ ክንዱ አጠገብ ቆሞ፣ የሚጸልየው ጸሎት መጨረሻ ያጣ መሰለው።

አዳሙ ከውኃው ወጣ። ሾላው ፊት ሲደርስ ቆመና እስከ ምድር ጎንበስ አለ። ሰውአገኝ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ፊቱን ወደ ተራራው አዞረ። ያ ማለፍ ትችላለህ ማለት መሆኑን ሁሉም ተረዳው።

የሽማግሌዎች የእርቅ ሸንጎ ተቀምጦ፣ ሙሉቀን ከቆላ ተመልሶ፣ እንደ አገሩ ልማድ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ይቅርታ እስኪጠይቅ ገና ስድስት ወር ቀርቶ ነበር፤ ያም ቀላል ቀን አልነበረም። የዚያን ማለዳ የሆነው ግን ይህ ነው። ምጥ የያዛቸው ሴቶች የሚማጸኑት መልአክ ሩፋኤል ስለሆነ ቄስ ክንዱ ሕፃኗን ወለተሩፋኤል አሏት። እማማ ሽታዬ ከጥምቀቱ ውኃ ተቀብለው ሲያቅፏት በኃይል አለቀሰች። አዳሙ ሁለት ዓመት ያልረገጠውን የቤተ ክርስቲያን ደጅ ተሳልሞ፣ ከበሩ ውስጥ አንድ እርምጃ ብቻ ገብቶ ቆሟል፤ ኢዮስያስ እጁን ይዞ ወደ ውስጥ አስገባው።